ሰልፋይዱን የሚያፈርሰው አሲዱ ብቻ አይደለም

ጥያቄ፦ "የተፈጨ የሰልፋይድ ማዕድን (ሜታል ከድኝ ጋር የተጣመረበት) አለኝ። ውስጡ ቻልኮፓይራይት (መዳብ፣ ብረትና ድኝ)፣ ስፋለራይት (ዚንክና ድኝ)፣ ጋሌና (እርሳስና ድኝ) እንዲሁም ብዙ ፓይራይት (ብረትና ድኝ) እንዳለ ተነግሮኛል። 50 ግራሙን በአንድ ሊትር 1 ሞላር ሰልፈሪክ አሲድ ውስጥ ጨምሬ፣ ጠርሙሱን ከድኜ ለ10 ቀን አስቀመጥኩት። መጀመሪያ ተንተከተከ፣ የበሰበሰ እንቁላል ሸተተኝ፣ ከዚያ ቀጥ አለ። ሲመረመር ፈሳሹ ውስጥ ትንሽ ዚንክና ትንሽ ብረት ተገኘ። መዳብ የለም ማለት ይቻላል። ፓይራይቱ እንደነበረ ያብረቀርቃል፣ ታች ነጭ ዱቄት ተኝቷል። አሲዱን ወደ 5 ሞላር ላሳድገው? ወይስ ላሙቀው?"

አያሳድጉት። ጠርሙስዎ ውስጥ የጎደለው አሲድ ሳይሆን ኤሌክትሮን የሚቀበል ነገር ነው። 5 ሞላር ቢያደርሱት ትንሽ ተጨማሪ ዚንክና ብዙ ተጨማሪ መርዘኛ ጋዝ ያገኛሉ። መዳቡ ንቅንቅ አይልም።

ችግሩ የሚጀምረው "ሰልፋይድ በአሲድ ይሟሟል" ከሚለው አባባል ነው። ሐሰት አይደለም፤ ግን ግማሹ ተቆርጦ ቀርቷል። ሰልፋይድ አሲድ ውስጥ የሚፈርስባቸው መንገዶች ሁለት ናቸው። ሁለቱም አንድ ቢከር ውስጥ ጎን ለጎን ስለሚሄዱ በቀላሉ ይምታታሉ። (ከመቀጠሌ በፊት፦ ከዚህ በታች "ብረት" ስል አይረንን ብቻ ነው፤ ሌላውን በጅምላ ሜታል እላለሁ። አማርኛችን ለሁለቱም አንድ ቃል ስለሚጠቀም ብዙ ተማሪ እዚህ ጋ ሲደናገር አይቻለሁ።)

የመጀመሪያው የተራ አሲድ መንገድ ነው። የአሲዱ ሃይድሮጅን አዮን ማዕድኑ ገጽ ላይ ያለውን ድኝ ይይዛል። ድኙ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ሆኖ ይወጣል፣ ሜታሉ ፈሳሹ ውስጥ ይቀራል። እዚህ ኤሌክትሮን የሰጠም የተቀበለም የለም። የሸተተዎት ይሄ ጋዝ ነው። የመጣው በዋናነት ከስፋለራይቱ ይመስለኛል፤ ፒሮታይት የተባለው ሌላው የብረት ሰልፋይድ ካለበት ደግሞ ከእሱም ጭምር።

ይህ ምላሽ ግን ወደ ኋላም ይሄዳል። ጋዙ ከወጣ ይቀጥላል፣ ከታፈነ ይቆማል። እርስዎ ደግሞ ከድነውታል። ሃይድሮጅን ሰልፋይድ በክፍል ሙቀትና በአንድ አትሞስፌር ግፊት በአንድ ሊትር ውሃ ውስጥ 0.1 ሞል ገደማ ይሟሟል። ጋዙ እየተጠራቀመ ሲሄድ ስፋለራይቱ መሟሟቱን ያቆማል። ቀጥ ያለው ዚንኩ አልቆ ሳይሆን ጋዙ መውጫ አጥቶ ነው።

ስለ መጀመሪያው መንተክተክ ደግሞ፦ አብዛኛው ከሰልፋይዱ የመጣ አይመስለኝም። ማዕድን ብቻውን አይመጣም። ካልሳይት ወይም ሌላ ካርቦኔት አብሮት ካለ፣ አሲዱ ሲነካው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቃል። እሱ ሽታ የለውም፣ ኃይለኛ ነው፣ ቶሎም ያልቃል። ማዕድኑ በብረት ኳስ ወፍጮ ተፈጭቶ ከሆነ ደግሞ ከኳሶቹ የተፋቀ የብረት ብናኝ አለበት። እሱም አሲድ ሲያገኝ ሃይድሮጅን ይለቃል። በወጣትነቴ አንድ ሙሉ ሳምንት ያባከንኩት በዚህ ብናኝ ነው። ፈሳሹ ውስጥ ያገኘሁትን ብረት ከቻልኮፓይራይቱ የወጣ ብዬ ቆጥሬ በደስታ ሰንጠረዥ ሞልቼበታለሁ። የወፍጮው ኳስ ነበር። እና አረፋ አይተው "እየሟሟ ነው" አይበሉ። በሊድ አሴቴት (የእርሳስ ጨው) የተነከረ እርጥብ ወረቀት ከጠርሙሱ አፍ በላይ ይያዙ። ከጠቆረ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ አለ፣ ካልጠቆረ የሚያዩት አረፋ ሌላ ነው።

አሁን ወደ መዳቡ። የድሮ የኬሚስትሪ ላብራቶሪ የሠራ ሰው መልሱን በዓይኑ አይቶታል። መዳብና ዚንክ የሟሙበት አሲዳማ ፈሳሽ ውስጥ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ሲነፋበት፣ መዳቡ ወዲያው ጥቁር ዝቃጭ ሆኖ ይወርዳል። ዚንኩ ሟሙቶ ይቀራል። አሲድ ውስጥ ዝቃጭ ሆኖ የሚወርድ ነገር በዚያው አሲድ መልሶ ሊሟሟ አይችልም። ምክንያቱ የሟሚነት ልክ ነው። የመዳብ ሰልፋይድ የሟሚነት ብዜት (ምን ያህል እንደሚሟሟ የሚያሳየው ቁጥር) ከዚንክ ሰልፋይድ ከአስር ቢሊዮን እጥፍ በላይ ያንሳል። ይህን ክፍተት ከ1 ወደ 5 ሞላር በመሄድ አይሞሉትም።

ለእርስዎ ጠርሙስ ደግሞ ነገሩ ከዚህም ይብሳል። ከማዕድኑ ገጽ ላይ ትንሽ የዛገ መዳብ ሟሙቶ ቢሆን እንኳ፣ ከስፋለራይቱ የወጣው ጋዝ እዚያው ይዞ መልሶ ዝቃጭ አድርጎታል። የዚንኩ ምላሽ የመዳቡን እጅ ጠምዝዞ ይዞታል ማለት ነው። "መዳብ የለም" ያለዎት ምርመራ አልተሳሳተም።

ሁለተኛው መንገድ ኤሌክትሮን መንጠቅ ነው። ፈሳሹ ውስጥ ፌሪክ፣ ማለትም ሦስት ኤሌክትሮን ያጣ ብረት፣ ካለ ከማዕድኑ አንድ ኤሌክትሮን ይወስድና ፌረስ (ሁለት ኤሌክትሮን ያጣ ብረት) ይሆናል። ሰልፋይዱ ኤሌክትሮኑን ሲያጣ ሜታሉ ይለቀቃል፣ ድኙ ጋዝ መሆኑ ቀርቶ ጠጣር ድኝ ወይም ሰልፌት ይሆናል። አንዷን ቅንጣት እንደ ትንሽ ባትሪ ያስቧት። በአንዱ ጎኗ መዳብ ወደ ፈሳሹ ይወጣል። ትቶት የሄደው ኤሌክትሮን በቅንጣቷ አካል ውስጥ ያልፋል። በሌላው ጎን ፌሪኩ ይቀበለዋል። ይህ የሚሆነው ብዙዎቹ ሰልፋይዶች ኤሌክትሪክ የሚያሳልፉ ሴሚኮንዳክተሮች ስለሆኑ ነው። ንጹሕ ስፋለራይት በዚህ ደካማ ነው። ብረት ሲቀላቀልበት ይሻሻላል፣ ጠቆር ያለው ስፋለራይት ቶሎ የሚሟሟበት አንዱ ምክንያትም ይሄ ነው።

በዚህ መንገድ አሲዱ ያለው ሚና የአስተናጋጅ ነው። የሟሟውን ሜታል ፈሳሹ ውስጥ ያቆያል፣ ፌሪኩም ዝቃጭ እንዳይሆን ይጠብቃል። ፒኤች (የአሲድነት ልክ ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ ይበረታል) ከ2 ከፍ ካለ ፌሪኩ ጃሮሳይት እና ሌሎች ቢጫና ቡናማ ዝቃጮች እየሆነ ከሥራ ይወጣል፣ አንዳንዴም የማዕድኑን ገጽ ይለብጠዋል። 1.5 አካባቢ ይበቃል። ከዚያ በላይ የሚጨምሩት አሲድ ትርፉ ወጪ ነው።

ፓይራይቱ ለምን እንደሚያብረቀርቅ ለብቻው ማየት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ከሁሉም የሚለየው እሱ ነው። ፓይራይት ውስጥ ድኞቹ ሁለት ሁለት ሆነው የተያያዙ ናቸው። ሃይድሮጅን አዮን ይህን ጥንድ መለያየት አይችልም። በዚያ ላይ ከላይ ያሉት፣ ለመነጠቅ ቅርብ የሆኑት ኤሌክትሮኖች የብረቱ እንጂ ትስስሩን የያዙት አይደሉም። ስለዚህ ተራ አሲድ ፓይራይትን በተግባር አይነካውም። ሞሊብደናይት የተባለው የሞሊብደነም ሰልፋይድም እንዲሁ ነው። ሁለቱን የሚያፈርሳቸው ተደጋጋሚ የኤሌክትሮን ንጥቂያ ብቻ ነው። ሲፈርሱም ድኙ በአብዛኛው እስከ ሰልፌት ድረስ ይሄዳል። አንድ የፓይራይት ሞለኪውል ሙሉ በሙሉ ሰልፌት ለመሆን 14 ፌሪክ ይበላል፣ በለውጡ 16 ሃይድሮጅን አዮን ይለቃል።

ልብ ይበሉ፣ ይለቃል ነው ያልኩት። ፓይራይት የአሲድ ደንበኛ ሳይሆን የአሲድ ፋብሪካ ነው። በካሊፎርኒያ አይረን ማውንቴን በተባለው የተተወ ማዕድን ማውጫ ውስጥ የተለካው ውሃ ፒኤቹ እስከ -3.6 (ከዜሮ በታች) ወርዷል። እዚያ አሲድ ያፈሰሰ ሰው የለም። አየር፣ ውሃ፣ ፓይራይትና ባክቴሪያ ብቻ ነው።

ባክቴሪያው የገባው በምክንያት ነው። ፌሪኩ ተጠቅሞ ፌረስ ሲሆን መልሶ ፌሪክ የሚያደርገው የአየር ኦክስጅን ነው። በአሲድ ውስጥ ግን ይህ በጣም ቀርፋፋ ነው፣ ለብቻው ከተተወ ዓመታት ይፈጃል። በ1947 ኮልመርና ሂንክል የተባሉ ተመራማሪዎች ከድንጋይ ከሰል ማውጫ አሲዳማ ውሃ ውስጥ ይህን ሥራ የሚያፋጥን ባክቴሪያ ለዩ። ዛሬ አሲዲቲዮባሲለስ ፌሮኦክሲዳንስ ይባላል። ፍጥነቱን መቶ ሺህ እጥፍና ከዚያ በላይ ያሳድገዋል። ማዕድኑን "ይበላል" የሚለው አነጋገር ግን ያሳስታል። ዋናው ሥራው ፌሪኩን ማደስ ነው፣ ማዕድኑን የሚያፈርሰው ፌሪኩ ራሱ ነው።

"ታዲያ አየር ብቻ ብነፋበትስ?" እንዳይሉኝ ሒሳቡን ልሥራው። በ25 ዲግሪ አየር የጠገበ ውሃ በሊትር 8 ሚሊግራም ገደማ ኦክስጅን ይይዛል። ያ 1 ሚሊሞል ኤሌክትሮን ይቀበላል። 0.1 ሞላር ፌሪክ ያለው ሊትር 100 ሚሊሞል ይቀበላል። መቶ እጥፍ ነው። አየሩ ፌሪኩን ቀስ ብሎ ለማደስ ይረዳል እንጂ ቀጥታ ማዕድኑን አይታገልም።

የፌሪኩንም ልክ ሳያሰሉ አይጀምሩ። ከ50 ግራምዎ 10 ግራሙ ቻልኮፓይራይት ነው እንበል። አንዱ ሞለኪውል 4 ፌሪክ ይፈልጋል። ለ10 ግራሙ 12 ግራም ያህል ፌሪክ ብረት ይሆናል፣ የሚወጣው መዳብ ደግሞ 3.5 ግራም ገደማ ነው። አሁን ፓይራይቱ 20 ግራም ቢሆን? እሱን ሙሉ በሙሉ ለማፍረስ 130 ግራም ፌሪክ ብረት ያስፈልጋል። ፓይራይቱ ሲያብረቀርቅ ያዘኑበት ይመስላል፤ እኔ ግን ደስ ይለኛል። ተነካክቶ ቢሆን ኖሮ ኦክሲዳንትዎን፣ ማለትም ኤሌክትሮን ነጣቂውን ፌሪክ፣ ጠራርጎ ይበላው ነበር።

ከዚህም በላይ ይጠቅማል። ፓይራይትና ቻልኮፓይራይት ተነካክተው ሲቀመጡ፣ ፓይራይቱ ኤሌክትሮን ማስረከቢያ ገጽ ይሆናል፣ ቻልኮፓይራይቱ ቶሎ ይሟሟል። ሁለት የተለያዩ ሜታሎች ሲነካኩ ደካማው ቀድሞ እንደሚዝገው ማለት ነው። ስፋለራይትና ጋሌናም ከፓይራይት ጋር ሲነካኩ ቀድመው የሚሄዱት እነሱ ናቸው። ስለዚህ ፓይራይቱን ከናሙናው ለማውጣት አይድከሙ።

ስለ ማሞቅ ጠይቀዋል። መልሱ እንደ ማዕድኑ ነው። ቻልኮፓይራይት ላይ ሙቀት ብዙ ይለውጣል፣ ምክንያቱም የሚያዘገየው ገጹ ላይ ያለው ምላሽ ራሱ ነው። የምላሹ አክቲቬሽን ኃይል (ምላሹ እንዲጀምር የሚያስፈልገው ጉልበት) በሞል 75 ኪሎጁል ቢሆን፣ ከ25 ወደ 75 ዲግሪ መሄድ ፍጥነቱን በስሌት ከ70 እጥፍ በላይ ያሳድገዋል። የሚያዘገየው በድኝ ሽፋን ውስጥ የሚያልፈው ጉዞ ከሆነ ግን ኃይሉ 20 አካባቢ ነው፣ የሚያገኙት ደግሞ 3 እጥፍ ብቻ ነው። ሙቀት ያለ ኦክሲዳንት ደግሞ የመጀመሪያውን መንገድ ነው የሚያፋጥነው። ጋዙን ማለቴ ነው።

ቻልኮፓይራይት ሌላ አመልም አለው። በክፍል ሙቀት ሰልፌት ውስጥ ትንሽ ይሟሟና ይደርቃል። ገጹ ላይ አንድ ሽፋን ይፈጠራል። ሽፋኑ ድኝ ነው፣ ጃሮሳይት ነው፣ ወይስ ሜታሉን ያጣ ሰልፋይድ በሚለው ላይ ባለሙያዎች ለአሥርተ ዓመታት ተከራክረዋል። እኔ ወደ መጨረሻው አዘነብላለሁ። ለእርስዎ የሚጠቅመው ግን ሌላ ነገር ነው፤ ኦክሲዳንት በዛ ማለት መዳብ በዛ ማለት አይደለም። የፈሳሹ ሬዶክስ ፖቴንሻል (ኤሌክትሮን የመንጠቅ አቅሙ) በብር-ብር ክሎራይድ ኤሌክትሮድ ሲለካ ከ400 እስከ 450 ሚሊቮልት አካባቢ ሲሆን ቻልኮፓይራይት ይሻላል። በጣም ከፍ ሲል ገጹ ይዘጋል፣ ፓይራይቱም መንቃት ይጀምራል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሥራው ሲዘገይበት ፌሪክ ይደፋበታል፣ ደፍቶም ይዘጋዋል።

አድቅቆ መፍጨት ይረዳል፣ ግን ተአምር አይሠራም። የቅንጣቱን ውፍረት በግማሽ ሲቀንሱ የገጹ ስፋት እጥፍ ይሆናል። ያ ነው ጥቅሙ። በብረት ኳስ ከፈጩት ብናኙ ፌሪኩን እንደሚበላው አይርሱ፦ አንድ የብረት አቶም ሁለት ፌሪክ ይጨርሳል። የሴራሚክ ኳስ ይሻላል።

ድኙ ራሱም እንቅፋት የሚሆንበት ጊዜ አለ። 115 ዲግሪ ካለፈ በኋላ ይቀልጣል፣ ቀልጦ ማዕድኑን እንደ ሰም ይለብጠዋል። በካናዳ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ትሬል ከተማ ያለው የዚንክ ፋብሪካ በ1981 ስፋለራይትን በ150 ዲግሪ አካባቢ በኦክስጅን ግፊት ማሟሟት ሲጀምር ይህን ችግር የፈታው ሊግኖሰልፎኔት ጠብ በማድረግ ነው። ከእንጨት የሚገኝ ነገር ነው። የቀለጠው ድኝ ማዕድኑ ላይ እንዳይለጠፍ ያደርጋል። ይህ ግን የግፊት ዕቃ ሥራ ነው። እርስዎ ከ100 በታች ይቆዩ፣ ለሰም አይቸገሩም።

ታች የተኛው ነጭ ዱቄት ሊድ ሰልፌት (የእርሳስ ሰልፌት) ሳይሆን አይቀርም። ጋሌና ሰልፈሪክ አሲድ ውስጥ ቢፈርስም እርሳሱ ፈሳሹ ውስጥ አይቆይም፣ ወዲያው ሰልፌት ሆኖ ይወርዳል። የጨመሩት አሲድ ቀጭን ሰልፈሪክ እስከሆነ ድረስ የትኛውም መጠን፣ የትኛውም ሙቀት እርሳሱን አያወጣልዎትም። እርሳሱን ከፈለጉ ሌሎቹን አውጥተው ሲጨርሱ ቀሪውን በሞቀ፣ በጨው በጠገበ ውሃ ያጥቡት። ክሎራይዱ እርሳሱን ይይዘዋል። ሲቀዘቅዝ ግን መልሶ ክሪስታል ስለሚሠራ በሙቁ ያጣሩት።

ናይትሪክ አሲድስ? እሱ አሲድም ኦክሲዳንትም በአንድ ስለሆነ ሁሉንም ያፈርሳል፣ ፓይራይቱንም ጭምር። ማወቅ የፈለጉት ናሙናው ውስጥ ምን ያህል መዳብ እንዳለ ብቻ ከሆነ ትክክለኛው ምርጫ እሱ ወይም ከሃይድሮክሎሪክ ጋር የተቀላቀለው አኳ ሬጂያ ነው። ግማሽ ግራም ይበቃል። ቢጫ የድኝ ኳሶች ላዩ ላይ ሲንሳፈፉ ውስጣቸው ጥቁር ነጥብ ካዩ ማዕድን ታፍኖባቸዋል፣ ሥራው አላለቀም። ለ50 ግራም ግን እንዳያስቡት። የሚወጣው ቡናማ ጋዝ በሳንባ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ከሰዓታት በኋላ ሊገለጥ ይችላል። "ደህና ነኝ" ብሎ ወደ ቤት የሄደ ሰው ሌሊት ሊታመም ይችላል።

እንግዲህ የእኔ ምክር ይሄ ነው። ናሙናውን በሊትር ወደ 5 ግራም ያውርዱት። ፊዩም ሁድ (የላብራቶሪ ጋዝ መምጠጫ) ስር፣ ክፍት በሆነ ዕቃ፣ ፒኤቹ 1.5 ላይ እስኪረጋ በቀጭን ሰልፈሪክ አሲድ ብቻ ያቆዩት። ካርቦኔቱና የብረት ብናኙ እዚህ ያልቃሉ። ከዚያ ፌሪክ ሰልፌትና ፌረስ ሰልፌት ይጨምሩ፣ ፌረሱ በዝቶ ጠቅላላ ብረቱ 0.1 ሞላር አካባቢ ይሁን። እያማሰሉ ወደ 75 ዲግሪ ያሙቁት። ፖቴንሻሉን ይከታተሉ። ወደ 400 ሲወርድ ፌሪክ በጥቂት በጥቂቱ ይጨምሩ፣ 450 ላይ እጅዎን ይሰብስቡ። ዚንኩ ቀድሞ ይወጣል፣ መዳቡ ይከተላል። ትዕግሥት ካለዎትና ሙቀት ከሌለዎት የባክቴሪያው መንገድ በ30 እና በ40 ዲግሪ መካከል ይሠራል። ግን በሳምንታትና በወራት ይቁጠሩት፣ ቻልኮፓይራይቱም በዚያ ሙቀት ያን ያህል አይታዘዝም።

ሁለት ማስጠንቀቂያ። ናሙናውን ሲመቱት ነጭ ሽንኩርት ከሸተተ አርሴኖፓይራይት አለበት። ፈሳሹ አርሴኒክ ይይዛል ማለት ነው። እንዲህ ያለ አሲዳማ ፈሳሽ ውስጥ የዚንክ ወይም የአሉሚኒየም ቁራጭ በጭራሽ እንዳይጨምሩ፤ አርሲን የተባለ ገዳይ ጋዝ ይወጣል። ሁለተኛው አሁን ጠረጴዛዎ ላይ ያለው ጠርሙስ ነው። ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ከአየር ይከብዳል፣ ወለል ላይ ይተኛል። ከሚሊዮን 100 ክፍል አካባቢ ሲደርስ አፍንጫን ያደነዝዛል። ሽታው ጠፋ ማለት ጋዙ ጠፋ ማለት አይደለም፤ ከዚያ መጠን ትንሽ ራቅ ብሎ ደግሞ ሰው ባለበት የሚወድቅበት መጠን አለ።

ስለዚህ ጠርሙሱን አያሽትቱት፣ ብቻዎንም ሆነው አይክፈቱት። ፊዩም ሁድ ስር ክዳኑን ቀስ ብለው ያላሉትና ለሰዓታት ይተዉት። የሊድ አሴቴቱ ወረቀት መጥቆሩን ሲያቆም ትንሽ ፌሪክ ሰልፌት ጠብ ያድርጉበት። ፈሳሹ ወተት መስሎ ከደፈረሰ ያ ድኝ ነው፦ ጋዙ ገና አልወጣም ነበር።